እሳቱ ከጠፋ በኋላ የሚቀረው ጭስ

 

የደብረ ታቦር የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችና ነዋሪዎች፣ እንድናገርበት የሰጣችሁኝ ርዕስ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና ካንሰር ነው። የካንሰር ስም ሲነሳ ብዙዎቻችን ወሬውን ወደ ሌላ ማዞር እንወዳለን። ዛሬ ግን አናዞርም። ደጋግሜ የምነግራችሁ አንድ ነገር አለ፤ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ እሱ እንዳይረሳችሁ። እሳቱ ሲጠፋ ሥራው አላለቀም። ነበልባሉ ወድቆ ሰው ሁሉ «ተመስገን» ብሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ጭሱ በካፖርታችሁ፣ በጓንታችሁ፣ በአንገታችሁ ቆዳ ላይ ተቀምጦ አብሯችሁ ይሄዳል። እሱን አጥቦ መጣል የማጥፋቱ ሥራ አካል ነው። ገና ጤነኛ ሳላችሁ ሄዳችሁ መመርመርም እንዲሁ።

በመጀመሪያ የማንን ጉዳይ እንደምናወራ እንግባባ። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ስንል ቀይ መኪና ላይ የሚወጣው፣ የደንብ ልብስ የለበሰው ባልደረባችን ይታየናል። እሱ ዋናው ነው። በእኛ አገር ግን ጥሩንባ ሲነፋ፣ እሪታ ሲሰማ፣ ቅጠል ቆርጦና አካፋ ይዞ የሚሮጠው ገበሬም እሳት አጥፊ ነው። በጉና ተራራ ጓሳና አስታ ሲነድ፣ በዓለም ሳጋ ወይም በጣራ ገዳም ደን ጭስ ሲታይ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ታስታውሳላችሁ። ከውጭ አገር ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪደርሱ ድረስ ከእሳቱ ጋር ሲታገል የሰነበተው የአካባቢው ሕዝብ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ቀኑን ሙሉ ጭስ ሲተነፍስ ዋለ፤ ማታ በዚያው ልብሱ ተኛ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ለባለ ደንብ ልብሱም፣ ለባለ ቅጠሉም ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ይህ ሥራ በእርግጥ ካንሰር ያመጣል ወይ? ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከስምንት አገሮች የተውጣጡ 25 ሳይንቲስቶችን በ2022 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ሊዮን ላይ ሰብስቦ፣ በዓለም ዙሪያ የተሠሩትን ጥናቶች አስመረመረ። ከዚያ በፊት በ2007 ጉዳዩ ሲታይ «ምናልባት ያመጣ ይሆናል» በሚለው ደረጃ ላይ ነበር የተቀመጠው። በ2022 ግን የእሳት አደጋ ሠራተኝነት ካንሰር አምጪ መሆኑ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ተርታ ገባ። ትንባሆና አስቤስቶስ ያሉበት ተርታ ነው። በቂ ማስረጃ የተገኘው ለሁለት ዓይነት ካንሰር ነው፤ አንዱ የሽንት ፊኛ ካንሰር፣ ሌላው ሜሶቴሊዮማ የሚባለው፣ የሳንባን ሽፋን የሚይዘው። ለትልቁ አንጀት፣ ለፕሮስቴት፣ ለዘር ፍሬ፣ ሜላኖማ ለሚባለው የቆዳ ካንሰርና ለአንድ ዓይነት የንፍፊት ካንሰር ደግሞ ውስን ማስረጃ አለ።

አደጋው ምን ያህል ነው? አሜሪካ ውስጥ በሳን ፍራንሲስኮ፣ በቺካጎና በፊላደልፊያ የሠሩ 30 ሺህ ያህል የእሳት አደጋ ሠራተኞች ታሪክ ከ1950 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ተጠንቷል። ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ በካንሰር የመያዛቸው መጠን በ9 በመቶ፣ በካንሰር የመሞታቸው መጠን በ14 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሜሶቴሊዮማ እጥፍ ነበር። ይህ ማለት እዚህ የተቀመጠ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ ማንም እንዲህ ብሎ እንዳያስፈራችሁ። አብዛኛው አይታመምም። ነገር ግን ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ በዘመናቸው የነበረውን የመተንፈሻ መሣሪያ ያገኙ ነበሩ። ባዶ አፍንጫውን ጭስ ውስጥ የሚገባ ሰው አደጋው ከእነሱ ያንሳል ብዬ የማምንበት አንድም ምክንያት የለኝም።

ጭሱ ራሱም ተለውጧል። በአያቶቻችን ጊዜ ቤት ሲቃጠል የሚነደው ሣር፣ እንጨትና ጭድ ነበር። ዛሬ ከአንድ ክፍል ቤት የስፖንጅ ፍራሽ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ጀሪካን፣ ቴሌቪዥን፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ቀለም የተቀባ በር ይወጣል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ አዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ያየነውን ጥቁር ጭስ አስቡት። ከእንዲህ ያለ ጭስ ውስጥ ካንሰር አምጪነታቸው የታወቀ ፎርማልዴሃይድና ሌሎች ብዙ ኬሚካሎች ይወጣሉ፤ ጥላሸቱም ይሸከማቸዋል። የሚገቡትም በአፍንጫ ብቻ አይደለም። ሰውነት ሲሞቅና ሲያልብ ቆዳ ይቀበላቸዋል፤ በተለይ ስስ በሆነበት በአንገት፣ በመንጋጋ ሥርና በብሽሽት። አየር ያዘለ መሣሪያ ተሸክመው እሳት ውስጥ የገቡ ሰዎች ሽንታቸው ሲመረመር የጭሱ ርዝራዥ ተገኝቶበታል። በአፍንጫቸው ሳይሆን በቆዳቸው፣ በተለይ በአንገታቸው በኩል ሳይገባ አይቀርም።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ለእኛ ሥራ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አላውቅም። ለንደን ውስጥ ፐርሲቫል ፖት የሚባል ቀዶ ሐኪም ነበር። በዚያን ዘመን የቤቶችን ጭስ ማውጫ የሚጠርጉት ትንንሽ ልጆች ነበሩ፤ ጠባቡ ቀዳዳ ውስጥ ሾልኮ ለመውጣት ትንሽ ገላ ያስፈልጋልና። ልጆቹ አድገው ጎልማሳ ሲሆኑ የዘር ፍሬያቸው ከረጢት ቆዳ ላይ ቁስል ይወጣባቸው ነበር። ሐኪሞች የአባላዘር በሽታ ነው እያሉ ያክሟቸዋል፤ አይድኑም። ፖት በ1775 እ.ኤ.አ. ቁስሉ ካንሰር መሆኑን፣ ያመጣውም በቆዳው ሽብሽብ ውስጥ ተቀብሮ የቀረው ጥላሸት መሆኑን ጻፈ። ሥራ ካንሰር እንደሚያመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ የታወቀው ያኔ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1892 በትሊን የሚባል፣ በዚያው ሆስፒታል የሚሠራ ሌላ ሐኪም አንድ ጥያቄ አነሳ። የጀርመንና የሆላንድ ጭስ ማውጫ ጠራጊዎች ያንኑ ሥራ እየሠሩ ለምን እንደ እንግሊዞቹ አይታመሙም? መልሱ ቀላል ሆነ። ገላቸውን አጥብቆ የሚሸፍን ልብስ ይለብሳሉ፤ ከሥራ ሲመለሱ በየቀኑ ይታጠባሉ። ሥራው አንድ፣ ጥላሸቱ አንድ፤ ልዩነቱ ልብስና ሳሙና ነበር።

ይህን ያነሳሁት ድሀ አገር ነን፣ ምን እናደርጋለን የሚል ሰው ስለማይጠፋ ነው። ውድ መሣሪያ እስኪመጣ የሚጠብቅ ነገር አለ፤ ሳሙናና ውሃ ግን ዛሬ አሉ።

ስለዚህ እሳቱ ከጠፋባት ደቂቃ ጀምሮ ምን እንደሚደረግ በዝርዝር ልሂድበት። ነበልባሉ ሲወድቅ ፍርስራሹን እየገለበጣችሁ ፍሙን ስትፈልጉ፣ ብዙ ሰው «አሁንስ አለቀ» ብሎ የፊት መሸፈኛውን የሚያወልቀው ያኔ ነው። ስህተት ነው። እየጨሰ የሚከስል ነገር ከሚነደው ያላነሰ መርዝ ያወጣል። የመተንፈሻ መሣሪያ ያለው ሰው ከፍርስራሹ እስኪወጣ አያውልቅ። የሌለው ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ይቁም፤ እየተፈራረቀ ይግባ። እርጥብ ነጠላ አፍ ላይ ማሰር ጥቂት አመድ ይይዝ ይሆናል እንጂ የጭሱን መርዝ አያቆምም፤ በእሱ ተማምናችሁ ወደ ውስጥ አትግቡ።

ከዚያ፣ ወደ መኪናው ከመውጣታችሁ በፊት፣ ልብሳችሁን ሳታወልቁ አንዱ ሌላውን ያጥበው። በቀስታ የሚፈስ ውሃ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ብሩሽ። ከትከሻ ተጀምሮ ወደ ታች፤ ብብት፣ እጅጌ፣ ጉልበት፣ ቦት ጫማ። አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ በተሠራ ጥናት ይህ ብቻ ልብሱ ላይ ከተቀመጡት የጥላሸት መርዞች 85 በመቶ ያህሉን አንስቷል። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ከዚያ ልብሱ ወልቆ በላስቲክ ከረጢት ይታሰርና ከሰው ተለይቶ ይጫናል። ፊት፣ ከጆሮ ኋላ፣ አንገትና እጅ በእርጥብ ጨርቅና በሳሙና ይጠረጋል። ሰዎች ደግነታቸው አይለቅባቸውና ዳቦና ቆሎ ይዘው ይመጣሉ፤ እጃችሁን ሳትታጠቡ አትቅመሱ። ጣቢያ እንደደረሳችሁ ገላችሁን ታጠቡ፤ ቢቻል በአንድ ሰዓት ውስጥ።

እዚህ ላይ «እንዴ! በደብረ ታቦር ሌሊት፣ በቀዝቃዛ ውሃ?» የምትሉኝ አላችሁ። እውነታችሁን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ላይ በምትገኝ ከተማ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብ ብሎ ሰውን ማዘዝ ምክር አይባልም። ሰውዬው አይታጠብም፤ ያንኑ የጨሰ ካፖርት ደርቦ ይተኛል። ስለዚህ ለእሳት አደጋ ጣቢያ ሙቅ ውሃ ቅንጦት አይደለም፤ ከቧንቧና ከመሰላል ቀጥሎ የሚመጣ የሥራ መሣሪያ ነው። ይህን ለበጀት ያዦች ነው የምናገረው።

አደራ የምላችሁ ሌላም አለ። ካፖርቱንና ጓንቱን ወደ ቤት አትውሰዱ። ልጅ አባቱ ሲመጣ ሮጦ ይጠመጠማል፤ ሚስትም ልብሱን ከልጆቹ ልብስ ጋር ትዘፈዝፋለች። በልብሱ ላይ ያለው ጥላሸት ወደ እነሱ ነው የሚሻገረው።

ወደ ሌላ ነጥብ ልለፍ፤ የቤታችን ጭስ። የእሳት አደጋ ሠራተኛው ከሥራው ሲመለስ የሚገባው ጭስ ወዳለበት ቤት ከሆነ ልፋቱ ግማሽ ነው። እናቶቻችን እንጀራ ሲጋግሩ፣ አረቄ ሲያወጡ በኩበትና በባሕር ዛፍ ጭስ ውስጥ ነው ዕድሜያቸው የሚያልፈው። ያው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የማገዶ እንጨት ጭስ በቤት ውስጥ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ብሏል። ምርጥ ምድጃ ማገዶ ይቆጥባል፣ ጭስ ይቀንሳል፤ ጭስ መውጫ ያለው ማድ ቤት ደግሞ ይበልጥ ይረዳል። ኅዳር 12 ደግሞ አለላችሁ። ኅዳር ሲታጠን በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ የፈጀውን ሕዝብ የምናስብበት፣ አካባቢያችንን የምናጸዳበት ቀን ነው፤ ጥሩ ልማድ ነው። ጽዳቱ ይቀጥል። ፕላስቲክና የመኪና ጎማ ማቃጠሉ ግን ይቅር፤ ለጤና ብለን በሽታ እያጠንን ነው።

ስለ ሲጋራና ስለ መጠጥ አላረዝምም። ሁለቱም ካንሰር እንደሚያመጡ የተረጋገጠ ነው፤ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ማጨስን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከልክሏል። የሽንት ፊኛ ካንሰር ትልቁ መንስኤ ትንባሆ ነው። ስለዚህ የሚያጨስ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ያንኑ አካል ከሁለት ወገን ያስመታል። የሚያጨስ ካለ ዛሬ ይተው፤ እለምነዋለሁ።

አሁን ምርመራውን እናንሳ። ካንሰርን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም፤ አለ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን አትመኑ። ሕመም ሳይሰማ በምርመራ የሚደረስበት አለ፤ ምልክቱን አውቆ ቶሎ በመሄድ የሚደረስበትም አለ።

ሳይሰማ የሚደረስበት ዋነኛው የማሕፀን በር ካንሰር ነው። ለሴት የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ለሚስቶቻችሁ፣ ለእህቶቻችሁ ነው የምናገረው። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት ሁሉ ትመርመር። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት ደግሞ ቀደም ብላ ከ25 ዓመቷ ትጀምር። ብዙዎች የሚፈሩት እንዴት እንደሚደረግ ስላልተነገራቸው ነው። ባለሙያዋ የኮምጣጤ ዓይነት ፈሳሽ በጥጥ ነክራ የማሕፀኑን በር ትቀባዋለች፤ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ጤነኛው ቦታ እንዳለ ይቆያል፤ መለወጥ የጀመረው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። ነጭ ከታየ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ይታከምና ካንሰር ሳይሆን ይቀራል። ቢላዋ የለው፣ መተኛት የለው። ሴት ልጆቻችሁንም የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት አስከትቡ፤ በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ የሚመከረውም ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች ነው። ሄፓታይተስ ቢ፣ በተለምዶ የጉበት ቫይረስ የምንለው፣ ወደ ጉበት ካንሰር ያደርሳል። ደም ለሚነካ የነፍስ አድን ሠራተኛ ተመርምሮ መከተብ ግድ ነው።

በምልክት የሚደረስባቸውን ደግሞ በጥሞና ስሙኝ። ሽንት ላይ ደም ማየት፣ ባያምም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ታይቶ ቢጠፋም፣ ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል። የሽንት ፊኛ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ያለ ሕመም ነው፤ «አላመመኝም» ተብሎ የሚታለፈውም ለዚህ ነው። በሰገራ ላይ ደም ሲታይ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ማለፍ ልማዳችን ሆኗል፤ ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፣ ሐኪም ነው የሚለየው። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል መጀመሪያ ለቲቢ ይመረመራል፤ ቲቢ ካልሆነና ሳሉ ካልለቀቀ ጉዳዩ አላለቀም፣ ራጅ ጠይቁ። የዘር ፍሬ ላይ የወጣ ጠጠር መሳይ እብጠት ወንድ ልጅ አፍሮ የሚደብቀው ነገር ነው፤ ቶሎ ከተደረሰበት ከሚድኑት ካንሰሮች ግንባር ቀደሙ ግን እሱ ነው። በእግር መርገጫ ላይ የሚሰፋ ጥቁር ነጥብ፣ በጡት ላይ እብጠት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፤ እነዚህም አንድ ወር አይጠብቁም።

ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ደግሞ ሥራችሁን ተናገሩ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሐኪሙ ላይጠይቃችሁ ይችላል። «የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነኝ፣ ይህን ያህል ዓመት ጭስ ውስጥ ሠርቻለሁ» በሉት። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚያዘውን ምርመራ ሊለውጥ ይችላል።

ጠበልን በተመለከተ ብዙ ሰው ሲያቅማማ አያለሁ። ጠበላችሁን ተጠመቁ፤ እምነታችሁን የሚነካ ቃል ከእኔ አትሰሙም። ነገር ግን ጠበሉና ሐኪሙ አይጣሉም፤ አንዱ እስኪያልቅ ብላችሁ ሌላውን አታቆዩ። በ2020 እ.ኤ.አ. በተሠራው ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት በኢትዮጵያ በዓመት 77 ሺህ ያህል ሰው በካንሰር ይያዛል፣ 52 ሺህ ያህል ሰው ይሞታል። ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ማለት ነው። ይህን ያመጣው መድኃኒት ማጣት ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ሕመምተኛ የሚመጣው በሦስተኛና በአራተኛ ደረጃ ላይ ሆኖ ነው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከዚህ ተነስቶ አዲስ አበባ ወርዶ ተራ መጠበቅ ምን እንደሚያስከፍል ያየ ሰው ቶሎ መመርመርን አይንቅም። እዚሁ ከደብረ ታቦር ሆስፒታል ይጀመር፤ ካስፈለገ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ይላካል።

የመጨረሻው ነጥቤ ለኃላፊዎች ነው። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሁለት ሙሉ ልብስ ይገዛ፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲለበስ። ጣቢያው ሳሙናና ሙቅ ውሃ ይኑረው። በዓመት አንድ ቀን ከሆስፒታሉ ጋር ተስማምታችሁ ሁሉም ሠራተኛ ይመርመር፤ የሽንት፣ ዕድሜው ከደረሰም በሰገራ ውስጥ የተደበቀ ደም ምርመራ ይደረግለት። ጡረታ የወጡትም ይጠሩ፤ ይህ በሽታ ጡረታን ይጠብቃል።

ከሁሉ በላይ ግን መዝገብ ክፈቱ። ሜሶቴሊዮማ ከተጋላጭነቱ ከ20 እስከ 40 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው የሚታየው። ያኔ ሠራተኛው «በሥራዬ ነው የታመምኩት» ቢል በምን ያስረዳል? የካናዳዋ ማኒቶባ ግዛት በ2002 እ.ኤ.አ. አንዳንድ ካንሰሮች የእሳት አደጋ ሠራተኛን ሲይዙ ከሥራው እንደመጡ እንዲቆጠር በሕግ ደነገገች፤ ሌሎችም ተከተሏት። እኛ እዚያ ለመድረስ የሚያስፈልገንን ማስረጃ ዛሬ ካልጻፍነው ማንም ቆይቶ አይጽፍልንም። ለእያንዳንዱ እሳት አንድ መስመር ይበቃል፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ ምን ነደደ፣ ማን ገባ፣ ስንት ሰዓት ቆየ፣ የመተንፈሻ መሣሪያ ነበረው ወይስ አልነበረውም። በገጠርም ቀበሌው የዘመቱትን ገበሬዎች ስም ይያዝ። ይህ በጀት አይጠይቅም፣ ጨረታም አይጠይቅም፤ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው። ነገ ጠዋት ጀምሩት።